ባቄላው፣ ቀፎውና 27ቱ ምላሾች

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በአንጎለላ በኩል የሚያርሱ አንድ ገበሬ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ስለ እርሻና ስለ ከብት በሚወያዩበት መድረክ ላይ ጥያቄ አቀረቡ። ባቄላቸው በአበባ ላይ ነበር። ጎረቤታቸው ከድንበራቸው አጠገብ አምስት ቀፎ አስቀምጧል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ በማሳው ላይ ይሰፍራሉ፤ ማታ ሲታይ ደግሞ የረገፈ አበባ መሬቱን ሸፍኖታል። ከዚህ ተነሥተው ንቦቹ የአበባውን ወዝ እየመጠጡ ፍሬ እንዳይዝ አድርገውታል ብለው ደመደሙ። የጠየቁትም ጎረቤታቸው ቀፎውን እንዲያነሣ ሽማግሌ ቢልኩበት ነውር ይሆንባቸው እንደሆነ፣ ነውር ከሆነም ንብ የሚያርቅ መድኃኒት ይገኝ እንደሆነ ነበር። እኔ የውይይቱን ክር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ተከታትያለሁ፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ ገብቼ ተሳስቻለሁ። ስለ ጥቃቅን ፍጥረታት ይህን ያህል ጊዜ ሳይሰለቹ የተከራከሩ ሰዎች ስላላጋጠሙኝ የተባለውን በየተራው ላስቀምጠው ወደድሁ።

የመጀመሪያው ምላሽ አጭር ነበር፤ ንብ የተባረከ ፍጥረት መሆኑን፣ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን መሆኑን አስታውሶ፣ ንብ ለማስነሣት ሽማግሌ መላክ ደግ እንዳልሆነ መከረ። ሁለተኛው ከመንዝ ነው። ጸሐፊው አባታቸው በባቄላ አበባ ወራት በማሳው ዳር ኩበት እያጨሱ ንብ ያባርሩ እንደነበር፣ ምርቱም አንሶ እንደማያውቅ መስክረው ለጠያቂው ወገኑ። እስከዚህ ድረስ አንዱ ከእምነቱ፣ ሌላው ከአባቱ ልማድ ተነሥተው ተናገሩ እንጂ አበባውን ከፍቶ ያየ አልነበረም።

አበባውን የከፈተችው በ3ኛው ምላሽ የመጣች፣ በእነዋሪ አካባቢ በግብርና ባለሙያነት የምትሠራ ወጣት ናት። ጠያቂውን ጋሼ እያለች፣ ባቄላ ንብ ኖረም አልኖረም ካወጣው አበባ አብዛኛውን የሚያራግፍ ተክል መሆኑን፣ ያበበውን ሁሉ ፍሬ አድርጎ ለመሸከም አቅም እንደሌለው፣ ውርጭ ወይም የእርጥበት እጥረት ሲጨመርበት ደግሞ የሚረግፈው እንደሚበዛ አስረዳች። ቀጥላም የአበባውን አሠራር በቃል ሣለችው። ከላይ ሰፊ ነጭ ክፍል ቆሟል፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ነቁጥ ያለባቸው ሁለት ክንፎች አሉ፤ ከክንፎቹ ሥር እንደ ታንኳ የተገጠመ ክፍል አለ፤ ወንዴውና ሴቴው የተሸሸጉት በዚያ ታንኳ ውስጥ ነው። ንብ ክንፎቹ ላይ ስታርፍ ታንኳው በክብደቷ ዝቅ ይልና የሴቴው ጫፍ ከነዱቄቱ ብቅ ብሎ ሆዷን ይነካታል፤ ያን ጊዜ ከሌላ አበባ ያመጣችው ዱቄት ይራገፋል፣ አዲስም ይጣበቅባታል። ባቄላ ከፊሉን በራሱ ዱቄት ሊያፈራ እንደሚችል አልደበቀችም፤ ሆኖም ንብ የጎበኘው ማሳ ፍሬ አያያዙ እንደሚሻል ገልጻ፣ መሬት ላይ ያለው አበባ ንብ የጣለችው ሳይሆን ተክሉ ራሱ የተወው መሆኑን በአክብሮት ተናግራ አበቃች። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ጽሑፍ ይህ ይመስለኛል፤ ግን በዚያ ቀን ያመሰገናት ሰው አልነበረም።

ጠያቂው በ4ኛው ተመልሰው ትምህርቱን እንደሚያከብሩ፣ ይሁን እንጂ ዐይናቸው ያየውን ሊክዱ እንደማይችሉ ጻፉ፤ ከበርካታ አበቦች ግርጌ ላይ ክብ ቀዳዳ አይተዋልና። ለዚህ መልስ የሰጡት (5ኛ) የደብረ ሲና አናጺ ናቸው። በደረቅ ወራጅ ውስጥ እንደ መሰርሰሪያ ክብ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር፣ ከማር ንብ እጅግ የምትገዝፍ ጥቁር ንብ እንዳለች፣ በሥራቸው ላይ ሁልጊዜ እንደምትገጥማቸው፣ በጓሯቸውም አበባን በጎኑ ስትነድል እንዳዩዋት ተረኩ። የእነዋሪዋ ባለሙያ በዚሁ ላይ ጨምራ (6ኛ) የማር ንብ አፍ አበባ ለመንደል ጉልበት እንደሌለው፣ ሌላው የነደለውን ስታገኝ ግን እርሷም በዚያው እንደምትገባ አብራራች። በዚህ ጊዜ ንቧ ጣፋጩን ወስዳ ዱቄቱን ሳትነካ ትሄዳለች፤ እንግዲህ ጠያቂው ያዩት ቀዳዳ እውነት ነበረ፣ የከሰሱት ግን ሌላውን ነበረ ማለት ነው።

በ7ኛው ላይ የመርሐቤቴ ንብ አርቢ ገቡና ነገሩ ሰፋ። እርሳቸው ስለ ባቄላ ብዙ አይጨነቁም፤ የሚናገሩት ስለ ኑግ ነው። ኑግ ከባቄላ የሚለየው በራሱ ዱቄት የማያፈራ በመሆኑ ነው፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ዱቄት የሚያደርስለት በራሪ ካላገኘ ማሳው ሙሉ ቢጫ ሆኖ አብቦ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል። ስለዚህም በእርሳቸው ሰፈር የኑግ ባለቤትና የቀፎ ባለቤት አንዱ ሌላውን እንደማይወቅስ፣ አደይ አበባውም ኑጉም ተከታትለው ስለሚያብቡ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከሁለቱም የተገኘ መሆኑን ጻፉ። ለጠያቂው ደግሞ አንድ የማይወደድ እውነት ነገሯቸው፤ ንብ ቀለብ ፍለጋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር መብረር ልማዷ ስለሆነ ጎረቤታቸው ቀፎውን ከወንዙ ማዶ ቢያሻግረው እንኳ ንቧ ማሳቸው ላይ መምጣቷን አትተውም፤ በጣም በቅርብ ከተዛወረም ከቀለብ ስትመለስ ድሮ ቀፎው ወደነበረበት ቦታ ሄዳ ስትባዝን ትቀራለች።

8ኛውና 9ኛው ከመስመር ወጡ። አንድ የአብነት ተማሪ የቀፎው አለቃ አውራ መባሉ ወንድ ስለሆነ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሌላው እንቁላል የምትጥል ሴት መሆኗን፣ በጥሩ ወራት በቀን እስከ 2,000 እንቁላል ልትጥል እንደምትችል፣ ወንዶቹ ድንጉላ የሚባሉት ንድፊያ የሌላቸውና ቀለብ የማይለቅሙ መሆናቸውን መለሰ። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን ንጉሥ ይሏት እንደነበር፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንዱ ስዋመርዳም ሰውነቷን ከፍቶ የእንቁላል ማኅፀኗን እስኪያሳይ ድረስ ስሟ እንዳልተቃና ጨመረ።

የምንጃሩ ጤፍ አራሽ (10ኛ) ትዕግሥታቸው አልቆ መጡ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል እህል ስለሆነ ከንብም ከቢራቢሮም ምንም እንደማይለምን፣ ቅንጣቱም ከማነሷ የተነሣ በጎተራ ውስጥ ነቀዝ እንኳ እንደማይደፍራት፣ ስለዚህ የነፍሳት ውዳሴ የባቄላና የኑግ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ እንዲቀር በሽሙጥ ጻፉ። በ11ኛው የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ጤፍም ስንዴም ገብስም በራሳቸው የሚዳቀሉ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ እውነት ነው፣ እህል ከነፍሳት የሚፈልገው ነገር የለም ብዬ ደገፍኋቸው።

የመለሱልኝ (12ኛ) በአንኮበር ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቁጣ የለባቸውም፤ ነገር ግን ተማሪ ሲያርሙ እንደኖሩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በመጀመሪያ የገብስ ክሽክሽን፣ የተክሉን ወዝ የሚመጥጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ አነሡ። የክሽክሽ መንጋ በገብስ ላይ ሲወጣ፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ከነልጆቿ ትለቅመዋለች፤ ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ደግሞ እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇም ከውስጥ በልታው ስትወጣ የተነፋ ቡናማ ልጥ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ገበሬው ያን ልጥ በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲረጭ ክሽክሹን ከሚጠብቁለት ጋር አብሮ ይፈጃል፤ ክሽክሹ በፍጥነት ስለሚራባ ቀድሞ የሚመለሰው ግን እርሱ ነው። ከዚያ ወደ እበት ጥንዚዛ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1788 ወደ አውስትራሊያ ከብት ሲገባ፣ የአገሩ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሩን ደረቅ ኩስ ስለነበረ የላሙን እበት ሊቋቋሙት አልቻሉም፤ እበቱ በሜዳው ላይ እየተቆለለ ሣሩን ሸፈነ፣ ዝንብም ፈላበት። በመጨረሻ በ1960ዎቹ ሊቃውንት ከአፍሪካና ከሌሎች አገሮች ጥንዚዛ አስመጥተው መልቀቅ ጀመሩ። እኛ ያለ ዋጋ የምናገኘውን ሌላው በመርከብ አስመጥቶ ነው ያገኘው ሲሉ መምህሩ ደስታቸውን አልሸሸጉም። ድቡልቡል እበት እያንከባለሉ ከሚሄዱት አንዳንዶቹ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን አቅጣጫቸውን እንደሚጠብቁም ጨመሩ። ይህ ከገብስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

13ኛዋ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የጻፈች እናት ናት፤ የክሩ መልክ የተለወጠውም ከእርሷ በኋላ ነው። ማለዳ ውርጭ ሳይነሣ እበት የሚለቅመው፣ ኩበት ጠፍጥፎ የሚያደርቀው የማን እጅ እንደሆነ መምህሩ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። ዛፍ በጠፋበት ሜዳ ላይ እንጀራ የሚጋገረው በኩበት ነው፤ ለጥንዚዛ ተብሎ የሚተው እበት ካለ ለጥንዚዛው ተከራካሪው ማገዶ ያምጣ፣ የጽሑፏ መንፈስ ይህ ነበር። መምህሩ ለዚህ መልስ አልሰጡም፤ ያልሰጡትም መልስ ስላልነበራቸው ይመስለኛል። እበቱ ወደ ምድጃ ከሄደ ወደ አፈር አይሄድም፤ ከጥንዚዛው በፊት የተሸነፈው ማሳው ነው፣ እርሷም ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም።

14ኛው ከቀወት ቆላ ነው። ጸሐፊው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የበረሃ አንበጣ ማሽላቸውን በአንድ ቀን እንዴት እንዳጸዳው፣ ልጆቻቸው ጣሳ እየደበደቡ፣ ሚስታቸው ነጠላዋን እያውለበለበች ሲጮኹ እንደዋሉ፣ ማታ የቀረው ራቁቱን የቆመ አገዳ ብቻ እንደነበር ዘረዘሩ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እንደሚበላ መናገሩን ጠቅሰው፣ በብርድ አገር ተቀምጦ ነፍሳትን ማድነቅ ቀላል መሆኑን፣ አድናቂዎቹ አንድ ጊዜ ጥቅምትን በቆላ እንዲያሳልፉ በምሬት ጻፉ።

ከመሐል ሜዳ የመጣው የጓሳ አስጎብኚ (15ኛ) ነገሩን ለማብረድ አስቦ ይመስለኛል፤ የባሰ አጋጋለው። በ2001 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ላይ የአንበጣ መንጋ ጓሳ ድረስ መውጣቱን፣ ተመራማሪዎች ያዩበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,344 ሜትር እንደነበር፣ ሣር በመጋጥ የሚታወቀው ጭላዳና አይጥ በማደን የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ሳይቀሩ፣ ቁራውም አብሮ፣ አንበጣውን ጠግበው እንደበሉ ተረከ። ተመራማሪዎቹም መንጋውን በመርዝ መርጨት እነዚህን ከአፍሪካ ቀንድ በቀር የትም የማይገኙ እንስሳት ሊጎዳ እንደሚችል ስጋታቸውን መግለጻቸውን ጨመረ። የቀወቱ ሰው በ16ኛው ተመልሰው ጭላዳው በመጥገቡ ደስ እንዳላቸው፣ ሆኖም የማሽላቸውን ዋጋ ከጭላዳው ይቀበሉ ወይስ ከቀበሮው እንዲነገራቸው ጠየቁ። ሳቅሁ፤ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የእነዋሪዋ ባለሙያ በ17ኛው አንበጣውን እንዲወዱላት እንደማትጠይቃቸው አስቀድማ ተናግራ፣ ይህ ፍጥረት ብዙውን ዕድሜውን ለብቻው የሚኖር ምንም የማይጎዳ ፌንጣ መሆኑን፣ ዝናብ ዘንቦ ከተራባ በኋላ ለምለሙ ሲያንስ በአንድ ቦታ ሲታጨቅና የኋላ እግሮቹ ከሌላው ጋር ሲተሻሹ ጠባዩም ቀለሙም ተለውጦ መንጋ እንደሚሆን አስረዳች። መንጋ ከመሆኑ በፊት በበረሃው ላይ መከታተል ማሽላው ላይ ከደረሰ በኋላ ከመርጨት ይሻላል ማለቷ ነው። 18ኛው ስለ ደገዛ ነበር፤ በወሎ እህል ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የታወቀው ይህ ፌንጣ መሰል ዘላይ ከኢትዮጵያ ውጭ ስለማይገኝ እንደ ጭላዳው ልንኮራበት ይገባል ብሎ አንድ ወጣት ጻፈ። 19ኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ኩራቱን በገዛ ጤፉ ላይ እንዲያሰማራው ነገረው።

20ኛው ሸረሪትና መዥገርን ከነፍሳት ቆጥሮ ስለ ጥቅማቸው ሊያወራ ሲነሣ መምህሩ በ21ኛው አቋረጡት። ነፍሳት በትምህርት ቤት ሦስት አጽቄ መባላቸው አካላቸው በራስ፣ በደረትና በሆድ ስለተከፈለ ነው፤ እግራቸውም ስድስት ነው፤ ሸረሪትና መዥገር ግን ባለ ስምንት እግር ስለሆኑ ወገናቸው ሌላ ነው። በዚያው ምላሽ፣ ባቄላን የሚያቆረፍደው ቆርምድ በነፍሳት የሚመጣ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው ሻጋታ መሰል በሽታ እንጂ የተባይ ሥራ እንዳልሆነ፣ የተባይ መድኃኒት ቢረጭበትም ገንዘብ ማባከን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩት። ከዚያ ስለ ጣዝማ ጻፉ። መምህሩ ልጅ ሳሉ ከብት ሲጠብቁ፣ በሣር መካከል አውራ ጣት የማታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አይተው ትንኝ የምታህል ንብ ስትወጣና ስትገባ ይከታተሉ ነበር። ጣዝማ አትናደፍም፤ ቤቷ ከመሬት በታች ነው፤ ማሯ ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ ነው፤ ለሳል መድኃኒት ተብሎም በውድ ይሸጣል። የሚቆፍራት ሰው ግን ማሩን ወስዶ ቤቷን ክፍት ትቶት ስለሚሄድ ጉንዳን ይገባበታል፣ መንጋውም ያልቃል። እርሳቸው በልጅነታቸው ያፈረሱትን አንዱን ጎጆ ቦታውን ዛሬም እንደሚያውቁት፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ መስክ ጣዝማ እንዳላዩ ጻፉ።

22ኛው ጠያቂው ናቸው፤ ጥያቄያቸው ተረስቶ ክሩ ከጓሳ እስከ አውስትራሊያ መዞሩን በጨዋ ቃል አማርረው፣ እግረ መንገዳቸውን ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት የተባይ መድኃኒት በጠርሙስ መግዛታቸውንና በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሊረጩ ማሰባቸውን ነገሩን። የመርሐቤቴው ንብ አርቢ (23ኛ) እስከዚያ ድረስ የያዙትን ትዕግሥት ጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታቸው አበባ ላይ ያለ ማሳ በቀትር ረጭቶ፣ በቀፎዎቻቸው አፍ ላይ ንቡ እንደ ገለባ ተከምሮ እንዳገኙት፣ ከአራቱ ቀፎ አንዱ ብቻ እንደተረፈ፣ ከሰውዬው ጋርም እስከ ዛሬ እንደማይነጋገሩ ጻፉ። አቀራረባቸው ሻካራ ነበር፤ ጠያቂውን ነፍሰ ገዳይ እስከ ማለት ደረሱ። የመድረኩ አስተናባሪ ገሠጻቸው እንጂ ጽሑፉን አላነሣውም፤ መልካም አደረገ።

በ24ኛው የእነዋሪዋ ባለሙያ ሁለቱንም አረጋጋች። ስሙ ያልታወቀ ነገር ጨርሶ እንዳይረጭ፣ ግድ ሆኖ የታወቀ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ሲመሻሽ እንዲሆን፣ ከዋዜማው ለጎረቤት እንዲነገር መከረች። በደጋው ብርድ ምክንያት ንብ የምትወጣው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ የምትሠራበት ሰዓት ከቆላው ያጠረ ነው፤ እኩለ ቀንን መምረጥ ሆን ብሎ እርሷን መምረጥ ነው። ከዚያም ክርክሩን የሚቆርጥ ነገር አመጣች፤ ከማሳው ጥግ ጥቂት እግር ባቄላ መርጦ ገና ያልፈኩትን እምቡጦች በአጎበር መሸፈን፣ አጠገባቸው ያሉትን ክፍት መተው፣ አበባው ሲያልፍ የሁለቱንም ቆባ መቁጠር።

አጎበር በደጋ ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሣ የቀወቱ ሰው በ25ኛው ብቅ አሉ። የወባ አገር ሰው ስለሆኑ በቤታቸው ያረጀ አጎበር እንዳለ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ መኪና ሊልኩት እንደሚችሉ፣ ስለ አንበጣ ያሉትን ግን አንዲት ቃል እንደማያነሡ ጻፉ። መምህሩ (26ኛ) አመስግነዋቸው አንድ እንከን አወጡ፤ አጎበር በተባይ መድኃኒት የተነከረ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ክሽክሽ ሊገድል ይችላል፤ ያን ጊዜ የተሸፈነው ባቄላ የተሻለ ቢያፈራ ንብ ስላልደረሰበት ይሁን ክሽክሽ ስላልበላው መለየት አይቻልም። ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ያረጀ ነጠላ ይሻላል አሉ።

የመጨረሻውን፣ 27ኛውን፣ የጻፉት ጠያቂው ናቸው። ባለቤታቸው አንድ ነጠላ ለመስጠት የተስማሙት ታጥቦ እንዲመለስላቸው አስጠንቅቀው መሆኑን፣ ጠርሙሱን እንዳልከፈቱት፣ ጎረቤታቸውም ነገሩን ሰምቶ ካስማውን ራሱ እንደሚተክል መናገሩን ነገሩን። ሥራውን የሚጀምሩት በማግሥቱ ማለዳ፣ ውርጩ ሳይነሣና ንቦቹ ሳይወጡ ነው።